ጄራርድ ካይፐር

ጄራርድ ፒተር ካይፐር (ኅዳር 28 ቀን 1898 ዓ.ም. ተወልዶ ታኅሣሥ 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ያረፈ፤ እ.ኤ.አ. 1905–1973) በሆላንድ ተወልዶ በአሜሪካ የሠራ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበር። የሳተርን ትልቋ ጨረቃ ታይታን ከባቢ አየር እንዳላት በ1944 ያረጋገጠው እርሱ ነው። ከዚያ በፊት አየር ያላት ጨረቃ ስለመኖሯ አንድም አስተማማኝ ማስረጃ አልነበረም። ዛሬ ስለ ታይታን የበረዶ ደመናዎች፣ ስለ ሜቴን ዝናቧና ከወቅት ወደ ወቅት ስለሚለዋወጠው ኬሚስትሪዋ የሚጻፈው ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ግኝት ነው። የማርስ አየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደያዘ የደረሰበት፣ የዩራኑስን ጨረቃ ሚራንዳን እና የኔፕቲዩንን ጨረቃ ኔሬይድን ያገኘውም ካይፐር ነው። ይሁንና ብዙ ሰው ስሙን የሚያውቀው ከኔፕቲዩን ማዶ ባለው «የካይፐር ቀበቶ» ነው፤ ከሥራዎቹ ሁሉ የእርሱ መሆኑ ይበልጥ የሚያከራክረውም ይኸው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነትና ትምህርት

ካይፐር የተወለደው በሰሜን ሆላንድ ክፍለ ሀገር፣ ቱይትየንሆርን በምትባል መንደር ነው። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበር። ልጁ ለሰማይ ያለውን ፍቅር ያዩት አባቱና አያቱ አንዲት ትንሽ ቴሌስኮፕ ገዙለት። ዓይኑ ግን ያለ ቴሌስኮፕም እጅግ የተለየ ነበር። ፕሊያዲስ የሚባለውን የከዋክብት ክምችት አንድ ክረምት ሙሉ በዓይኑ ብቻ እያየ ሲሥል፣ ብዙ ሰው ሊያያቸው ከሚችለው በአራት እጥፍ ገደማ የደበዘዙ ከዋክብትን ጭምር በወረቀቱ ላይ አስፍሯል። ይህ ስጦታ ኋላ በሥራው ላይ ጠቅሞታል፤ የአየሩን መንቀጥቀጥ ታግሦ በቴሌስኮፕ መስታወት ውስጥ ጥቃቅን ነገር መለየት ከሚችሉት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበር።

የልብስ ሰፊ ልጅ በዚያን ዘመን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባበት መንገድ ጠባብ ነበር። ካይፐር የተላከው ሐርለም ከተማ ወደሚገኝ የመምህራን ማሠልጠኛ ነው። ከዚያ የሚወጣ ተማሪ በተለምዶ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ይሆናል። እርሱ ግን ከባዱን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በራሱ ተዘጋጅቶ አለፈና በ1924 ላይደን ዩኒቨርሲቲ ገባ። ላይደን በዚያ ጊዜ ከዓለም የሥነ ፈለክ ማዕከላት አንዷ ነበረች። ቪለም ደ ሲተር፣ ኤይናር ኸርትስፕሩንግ እና ወጣቱ ያን ኦርት እዚያ ነበሩ፤ ፊዚክስ ደግሞ ፓውል ኤረንፈስት ያስተምር ነበር። በ1929 የፀሐይ ግርዶሽ ለመመልከት ከተላከው ቡድን ጋር ወደ ሱማትራ ሄደ። የዶክትሬት ጥናቱን በ1933 የጨረሰው በኸርትስፕሩንግ መሪነት ሲሆን ርእሱም ጥንድ ከዋክብት ነበር።

በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ ተሻገረ። መጀመሪያ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የሊክ ከዋክብት መመልከቻ፣ ቀጥሎም በሃርቫርድ ሠራ። በ1936 ሣራ ፉለርን አገባ፤ ሁለት ልጆችም ወለዱ። ጃቫ ወደሚገኘው የሆላንዶች ከዋክብት መመልከቻ ለመሄድ ሐሳብ ነበረው። ነገር ግን ኦቶ ስትሩቬ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወዳለው የየርክስ ከዋክብት መመልከቻ ጠራውና እዚያ ቀረ። በ1937 የአሜሪካ ዜግነት አገኘ።

ከከዋክብት ወደ ፕላኔቶች

ካይፐር እስከ አርባኛ ዓመቱ ዋዜማ ድረስ የከዋክብት ተመራማሪ ነበር። በአቅራቢያችን ካሉት ከዋክብት ግማሽ ያህሉ ብቻቸውን ሳይሆን በጥንድ ወይም ከዚያ በላይ ሆነው እንደሚኖሩ ያሳየው ሥራ ብቻውን ስም ያተርፍለት ነበር። ፕላኔቶችን ማጥናት በአንጻሩ በባለሙያዎቹ ዘንድ ብዙም የማይከበር ሥራ ሆኖ ነበር። ቀደም ባሉት ዓመታት ስለ ማርስ ቦዮች የተነዛው ወሬ መስኩን አሳፍሮታል፤ ትልልቆቹ ቴሌስኮፖችም ሩቅ ለሆኑት ጋላክሲዎች ተይዘዋል። ስለዚህ ካይፐር ፊቱን ወደ ፕላኔቶች ሲያዞር አንድ የታወቀ ሙያውን ትቶ ጥቂት ሰው ብቻ ወዳለበት መስክ መግባቱ ነበር። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ በአሜሪካ ሙሉ ጊዜውን በፕላኔቶች ላይ ያዋለ ስመ ጥር የሥነ ፈለክ ባለሙያ ከእርሱ በቀር ማግኘት ይከብዳል።

በእጁ የነበረው መሣሪያ ግን ጥሩ ነበር። የቺካጎና የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲዎች በቴክሳስ፣ በዴቪስ ተራሮች ላይ በጋራ ያቋቋሙት የማክዶናልድ ከዋክብት መመልከቻ በ1939 ሲመረቅ፣ 2 ሜትር ከ8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መስታወቱ በዓለም ሁለተኛው ትልቅ ነበር።

የ1944 ግኝት

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም ካይፐር እንደ ብዙዎቹ ሳይንቲስቶች ወደ ጦርነቱ ሥራ ተዛወረ። በሃርቫርድ በሚገኝ ቤተ ሙከራ የጠላትን ራዳር የሚያሳውሩ ዘዴዎች ላይ ይሠራ ነበር። በ1943 መጨረሻና በ1944 መጀመሪያ ላይ ባለው ክረምት አጭር ፈቃድ አግኝቶ ወደ ማክዶናልድ ተመለሰ። ያንን ጊዜ የሥርዓተ ፀሐይን ትልልቅ ጨረቃዎች አንድ በአንድ እያነጣጠረ የብርሃናቸውን ስፔክትረም ለማንሣት ተጠቀመበት።

ዘዴው እንዲህ ነው። ጨረቃ የራሷ ብርሃን የላትም፤ የምታሳየን የፀሐይን ብርሃን መልሳ ነው። ይህ ብርሃን በፕሪዝም ተበትኖ በፎቶ ፊልም ላይ ሲያርፍ ከቀይ እስከ ሐምራዊ ይዘረጋል። በመንገዱ ላይ ጋዝ ካለ፣ ጋዙ የሚወደውን ቀለም ይውጥና በዚያ ቦታ ላይ ጥቁር መስመር ይተዋል። እያንዳንዱ ጋዝ የራሱ የመስመር አቀማመጥ ስላለው እንደ ጣት አሻራ ይለያል። ጀርመናዊው ሩፐርት ቪልት በ1930ዎቹ መጀመሪያ በጁፒተርና በሳተርን ብርሃን ውስጥ ያሉት ወፋፍራም መስመሮች የሜቴንና የአሞኒያ መሆናቸውን አሳይቶ ነበር። ካይፐር የታይታንን ፊልም ሲያጥብ በቀዩ ክፍል ላይ ያገኘው እነዚያኑ የሜቴን መስመሮች ነው። የጁፒተር አራት ትልልቅ ጨረቃዎች ተመሳሳይ ምልክት አላሳዩም።

ነገሩ ያለ ፍንጭ አልመጣም። በ1907 የባርሴሎናው ሆሴፕ ኮማስ ሶላ የታይታን ጠርዝ ከመሐሉ ይልቅ ደብዘዝ ብሎ እንዳየና ይህም የአየር ምልክት ሊሆን እንደሚችል ገምቶ ነበር። እንግሊዛዊው ጄምስ ጂንስ ደግሞ ያን ያህል ቀዝቃዛና ያን ያህል ትልቅ የሆነ አካል ጋዝ ይዞ ሊቆይ እንደሚችል በስሌት አሳይቷል። ታይታን በእርግጥም ትልቅ ናት፤ ወርዷ 5,150 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከፕላኔቷ ሜርኩሪ ትበልጣለች። ግን የአንዱ ሰው ዓይን ሊሳሳት፣ የሌላውም ስሌት ባዶ ሊሆን ይችላል። በካይፐር ፊልም ላይ ያረፈው ጥቁር መስመር ግን ለማንም ሰው የሚታይ፣ የሚለካም ነበር።

ውጤቱን «ታይታን፦ ከባቢ አየር ያላት ጨረቃ» በሚል ርእስ በ1944 አሳተመ። ጽሑፉ አጭር ነው። በሃይድሮጅን የበለጸገ ጋዝ እስከዚያ ድረስ ከፍተኛ የስበት ኃይል ያላቸው ግዙፍ ፕላኔቶች ንብረት ብቻ ይመስል እንደነበር ጠቁሞ፣ ታይታን ይህን ግምት ማፍረሷን አመለከተ። ብርቱካናማ ቀለሟንም ለማስረዳት ሞከረ፦ ማርስ የቀላችው መሬቷ ዝጎ ነው እንደሚባለው፣ ታይታንም አየሯ ከመሬቷ ጋር ተዋህዶ ያቀላት ሊሆን ይችላል አለ። ይህኛው ግምት አልሠመረም። ቀለሙ የመሬቱ ሳይሆን የአየሩ የራሱ ነበር። ካይፐር የሚያየው ጭጋግ መሆኑን፣ መሬቱም ከጭጋጉ በታች ፈጽሞ እንደማይታይ በዚያ ጊዜ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ከጦርነቱ በኋላ

በጦርነቱ ማብቂያ ላይ ካይፐር የጀርመንን የሳይንስ ሥራዎች እንዲመረምር ከተላከው የአልሶስ ተልእኮ ጋር አውሮፓ ነበር። የ87 ዓመቱ አዛውንት ማክስ ፕላንክ በምሥራቁ ግንባር አቅራቢያ ያለ መጠለያ መቅረቱን ሲሰማ፣ በጂፕ መኪና ተጉዞ ወደ ጎቲንገን እንዲወሰድ አድርጓል።

የጦርነቱ ዘመን ለሥነ ፈለክ አንድ ስጦታ ትቶ ነበር፤ ሙቀትን፣ ማለትም ኢንፍራሬድ ጨረርን፣ በደንብ የሚለይ አዲስ መሣሪያ። ካይፐር ፈጥኖ ያዘውና በማክዶናልዱ ቴሌስኮፕ ላይ ገጠመው። በ1947 በማርስ አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አገኘ። በ1948 ሚራንዳን፣ በ1949 ኔሬይድን አገኘ። በዚሁ ዓመት ያዘጋጀው የምድርንና የፕላኔቶችን ከባቢ አየር የሚመለከት መጽሐፍ የሜትሮሎጂ፣ የኬሚስትሪና የሥነ ፈለክ ሰዎችን በአንድ ላይ ያጻፈ ሲሆን፣ የሌላውን ዓለም አየር እንደ ራሱ የትምህርት ዘርፍ ለመቁጠር መነሻ ሆኗል። ሁሉም ግምቱ ትክክል አልነበረም። በማርስ ላይ የሚታዩት ጥቁር ቦታዎች በድንጋይ ላይ እንደሚበቅል ሽበት የመሰለ እጽዋት ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ ነበር፤ አልነበሩም።

ስለ ሥርዓተ ፀሐይ አፈጣጠር በ1951 ያሳተመው ጽሑፍ ነው ስሙን በቀበቶው ላይ ያኖረው። ከኔፕቲዩን ማዶ በጥንት ጊዜ ብዙ ትንንሽ የበረዶ አካላት እንደነበሩ ጽፏል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ምድርን ያህል ትመዝናለች ተብላ ትታሰብ የነበረችው ፕሉቶ በስበቷ በትናቸዋለች፣ ስለዚህ ዛሬ የሉም የሚል ነበር ድምዳሜው። የአየርላንዱ ኬነት ኤጅዎርዝ ከእርሱ በፊት ተመሳሳይ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በ1992 አካላቱ መገኘት ሲጀምሩ ቀበቶው የካይፐርን ስም ያዘ፤ እንግዲህ የለም ባለው ነገር ተሰየመ ማለት ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች ለፍትሕ ሲሉ «የኤጅዎርዝና ካይፐር ቀበቶ» ይሉታል።

ከሰው ጋር በነበረው ግንኙነት ካይፐር ቀላል አልነበረም። ሌት ተቀን ይሠራል፤ ሌላውም እንደ እርሱ እንዲሠራ ይጠብቃል። ከኬሚስትሪ የኖቤል ተሸላሚው ሃሮልድ ዩሪ ጋር ስለ ጨረቃ አፈጣጠር ያደረጉት ክርክር ወደ ግል ቅራኔ ተለውጦ ዓመታት ዘልቋል። በየርክስም ለሁለተኛ ጊዜ ዳይሬክተር ሆኖ ሳለ ከባልደረቦቹ ጋር አለመግባባት ተፈጠረ። በ1960 ቦታውን ለቆ ጥቂት ተከታዮቹን ይዞ ወደ አሪዞና ዩኒቨርሲቲ፣ ቱሶን ከተማ ሄደ። እዚያ ያቋቋመው የጨረቃና የፕላኔቶች ቤተ ሙከራ ለፕላኔት ሳይንስ ብቻ ከተቋቋሙት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ከመሄዱ በፊት ዶክትሬቱን በእርሱ ሥር ካጠናቀቁት አንዱ ካርል ሴጋን ነበር። ሴጋን ኋላ ላይ ጋዞችን በጠርሙስ ውስጥ በኤሌክትሪክ እየመታ ቡናማ ዝቃጭ በማውጣት የታይታን ጭጋግ ከምን እንደሚሠራ ለማሳየት ሞክሯል፤ መምህሩ በመሬቱ ላይ የፈለገውን ቀለም ተማሪው በአየሩ ውስጥ አገኘው።

ሰው ወደ ጨረቃ ለመሄድ ሲዘጋጅ ካይፐር የሬንጀር መንኮራኩሮች የሳይንስ ቡድን መሪ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ ከሸፉ። ሰባተኛው በሐምሌ 1964 ከመከስከሱ በፊት ከ4,300 በላይ የቅርብ ፎቶግራፎችን ላከ።

ተራራውና አውሮፕላኑ

ካይፐር ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ከአንድ ጠላት ጋር ነው፤ ከምድር የራሷ አየር ጋር። በአየራችን ውስጥ ያለው የውሃ ተን ከፕላኔቶች የሚመጣውን ኢንፍራሬድ ብርሃን ይውጠዋል። ስለዚህ ደረቅና ከፍ ያለ ቦታ ሲፈልግ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሃዋይ የሚገኘውን የ4,205 ሜትሩን ማውና ኪያ አየ። የክፍለ ግዛቱን አስተዳዳሪ አሳምኖ እስከ ጫፉ የሚያደርስ ጥርጊያ መንገድ አስወጣ፤ ትንሽ ቴሌስኮፕ አስቀምጦ የሌሊቱን ሰማይ አስለካ። ቦታው በዓለም ከታወቁት ሁሉ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ትልቁን ቴሌስኮፕ የመሥራት ዕድል ግን በውድድር ለሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። ካይፐር ተራራው እንደተነጠቀ ቆጠረው፤ ቅሬታውም እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም። (ማውና ኪያ ለሃዋይ ነባር ሕዝብ የተቀደሰ ተራራ ነው፤ በላዩ የሚሠሩት ቴሌስኮፖች ኋላ ላይ ሰፊ ተቃውሞ አስነሥተዋል።)

ተራራው ሲያመልጠው ወደ አውሮፕላን ዞረ። ከ1967 ጀምሮ ቴሌስኮፕ በተገጠመለት የናሳ ጄት አብዛኛውን የውሃ ተን ከበታቹ ጥሎ እየበረረ ቬኑስን አጠና፤ ደመናዋም የውሃ እንዳልሆነ ደመደመ።

በታኅሣሥ 1973 ከባለቤቱ ጋር ሜክሲኮ ሄዶ ሳለ በ24ኛው ቀን፣ በፈረንጆች የገና ዋዜማ፣ በልብ ድካም ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ አረፈ። ዕድሜው 68 ነበር። በዚያ ጊዜ ወደ ሳተርን የደረሰ አንድም መንኮራኩር አልነበረም።

ከካይፐር በኋላ፦ የታይታን ወቅቶች

ካይፐር ሲሞት ስለ ታይታን አየር የሚታወቀው ሜቴን እንዳለበት ነው። ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ፣ ሌላ ምን እንዳለበት ስምምነት አልነበረም። አንዳንዶቹ ስስ የሜቴን ሽፋን ነው ሲሉ፣ ዶናልድ ሃንተንን የመሰሉት ደግሞ ከምድር የማይታይ ወፍራም ናይትሮጅን ሊኖር ይችላል ይሉ ነበር። ናይትሮጅን ካይፐር በተጠቀመበት ብርሃን ውስጥ አሻራ አይተውም፤ ስለዚህ በእርሱ ፊልም ላይ መገኘት አይችልም ነበር።

መልሱን ያመጣችው ቮዬጀር 1 ናት። መንኮራኩሯ በታይታን አጠገብ እንድታልፍ ሲባል ወደ ፕሉቶ የመሄድ ዕድሏ ተሠዋ። በኅዳር 1980 ስታልፍ ካሜራዋ ያየው ብርቱካናማ ጭጋግ ብቻ ነበር። ሌሎቹ መሣሪያዎቿ ግን አየሩ በአብዛኛው ናይትሮጅን፣ ግፊቱ በመሬቱ ላይ ከምድር አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 179 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆኑን ለኩ። የካይፐር ሜቴን ከመቶ አምስት እጅ ገደማ ብቻ ሆነ። ሆኖም የታይታንን አየር የሚያንቀሳቅሰው ይኸው ጥቂት ሜቴን ነው።

የፀሐይ አልትራቫዮሌት ብርሃንና ከሳተርን መግነጢሳዊ ክልል የሚመጡ ፈጣን ኤሌክትሮኖች በአየሩ ጣራ ላይ ሜቴንንና ናይትሮጅንን ይሰባብራሉ። ስብርባሪዎቹ እንደገና ተገጣጥመው ኢቴን፣ አሴቲሊን፣ ሃይድሮጅን ሳይናይድና ሌሎች ከባድ ውህዶች ይሆናሉ፤ የበለጠ ሲከብዱም ብርቱካናማውን ጭጋግ ይሠራሉ። በዚህ መንገድ የጠፋ ሜቴን አይመለስም። ከአንድ ምንጭ ካልተተካ በጥቂት አሥር ሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ያልቃል፤ ምንጩ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያነጋግራል።

ወቅቶቹ የሚመጡት ከሳተርን ነው። ሳተርን ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር 29 ዓመት ተኩል ይፈጅባታል፤ ዘንበል ብላ ስለምትዞርም ታይታን ከእርሷ ጋር ዘንበል ትላለች። ስለዚህ በታይታን አንድ ወቅት ከሰባት ዓመት በላይ ይቆያል። ክረምት ስንል ደግሞ የዝናቡን ወራት ሳይሆን ዋልታው ፀሐይ አጥቶ የሚጨልምበትን ጊዜ ነው። ፀሐይ በበዛበት ንፍቀ ክበብ የላይኛው አየር ይወጣል፣ ወደ ጨለማው ዋልታ ይጓዛል፣ እዚያም ይወርዳል። ሲወርድ ከላይ የተመረቱትን ውህዶች ተሸክሞ ነው። በዋልታው ላይ ቀዝቃዛ አዙሪት ይዘጋቸዋል፤ ጋዞቹም በየተራ፣ እያንዳንዱ በራሱ ከፍታ፣ ይረጉና የበረዶ ደመና ይሆናሉ። የእኛ ሰማይ በረዶ ውሃ ነው፤ የታይታን የዋልታ በረዶ ግን ብዙው መርዝ ነው።

በ2004 ሳተርን የደረሰችው ካሲኒ እስከ መስከረም 2017 ድረስ ለ13 ዓመታት ስለቆየች ይህን ለውጥ በዓይን ለመከታተል አስችላለች። ስትደርስ ጨለማው በሰሜን ነበር። በነሐሴ 2009 ቀንና ሌሊት እኩል ሆነ፤ ከዚያም የአየሩ ዑደት ተገለበጠ። በ2012 በደቡብ ዋልታ፣ ከመሬቱ 300 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ቀድሞ ያልነበረ ደመና እየተሽከረከረ ታየ። ከምን እንደተሠራ የታወቀው ካይፐር በ1944 በተጠቀመበት ዘዴ ነው፦ ብርሃኑ ሲበተን የረጋ ሃይድሮጅን ሳይናይድ አሻራ ተገኘበት። ይህ አስገራሚ ነበር። ሃይድሮጅን ሳይናይድ በዚያ ከፍታ እንዲረጋ አየሩ ወደ 148 ዲግሪ ከዜሮ በታች መውረድ አለበት፤ ይህም ከተገመተው በ100 ዲግሪ ገደማ የቀዘቀዘ ነው። ከዚያ ደመና ዝቅ ብሎ ሃይድሮጅን ሳይናይድና ቤንዚን (የመኪናው ነዳጅ ሳይሆን ስድስት ካርቦን ያለው ውህድ) አብረው የረጉበት ሌላ ደመና ኋላ ተለይቷል።

ከሁሉ ይበልጥ ተመራማሪዎችን ያስቸገረው ዳይሳያኖአሴቲሊን ከሚባል ውህድ የተሠራ የሚመስለው በረዶ ነው። ቮዬጀር በሰሜን ዋልታ አካባቢ አሻራውን አይታለች፤ ካሲኒም ደገመችው። ችግሩ፣ እንዲህ ያለ ደመና ለመሥራት ከሚያስፈልገው ጋዝ በአየሩ ውስጥ የሚገኘው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ጋዙ ከሌለ በረዶው ከየት መጣ? በ2016 የቀረበው መልስ በረዶው ከጋዝ አልረጋም የሚል ነው። አስቀድሞ የረጋ የሳያኖአሴቲሊን ፍሬ በሃይድሮጅን ሳይናይድ ይለበጣል፤ የፀሐይ ብርሃን ሰርጎ ሲያገኘው በጠጣሩ ውስጥ ኬሚስትሪ ይካሄዳል፤ አዲሱ ውህድም እዚያው በረዶው ውስጥ ይወለዳል። በምድር ዋልታዎች ላይ ኦዞንን የሚያጠፋው ሂደትም በበረዶ ደመና ፍሬዎች ላይ ስለሚካሄድ፣ ሁለቱ ዓለማት በዚህ ይመሳሰላሉ። ልዩነቱ በምድር ምላሹ በፍሬው ገጽ ላይ ሲሆን በታይታን ደግሞ በውስጡ መሆኑ ነው።

በታችኛው አየር ውስጥ ያሉት የሜቴን ደመናዎች ሌላ ታሪክ ናቸው። እነዚህ ለጊዜው ብቅ ብለው እንደሚጠፉ መጀመሪያ የታወቀው በ1998 በታተመ ጥናት ሲሆን፣ የተገኙት ማውና ኪያ ላይ ባለው የብሪታንያ ኢንፍራሬድ ቴሌስኮፕ ነው። በ2002 ደግሞ በዚያው ተራራ ላይ ያሉት ትልልቅ ቴሌስኮፖች በደቡብ ዋልታ አጠገብ የሚለዋወጡ ደመናዎችን አሳዩ። ካይፐር መንገድ አስወጥቶለት ያመለጠው ተራራ፣ እርሱ ያገኘውን አየር ጠባይ አሳየ። ካሲኒ በበኩሏ በዋልታዎቹ የሜቴን ሐይቆችና ባሕሮች አገኘች፤ በ2010 ወቅቱ ሲለወጥ በወገብ መስመሩ አካባቢ ዘንቦ መሬቱ ረጥቦ ሲጠቁር ተመለከተች።

በጥር 14 ቀን 2005 ሆይገንስ የተባለችው መንኮራኩር በጃንጥላ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ወርዳ ታይታን ላይ አረፈች። ስሟን ያገኘችው በ1655 ታይታንን ካገኘው ሌላው ሆላንዳዊ ነው። በመውረድ ላይ ሳለች ከጭጋጉ በታች ያለውን መሬት፣ ፈሳሽ የቦረቦራቸውን ሸለቆዎችና የተድበለበሉ የበረዶ ድንጋዮችን ያነሣው ካሜራ የተሠራው ካይፐር ባቋቋመው ቤተ ሙከራ መሪነት ነው። ቀጣዩ ጉዞ ድራገንፍላይ ይባላል። በአየሩ ውስጥ የሚበርር ባለ ብዙ መዘውር መንኮራኩር ሲሆን በ2028 እንዲመጥቅ፣ በ2034 እንዲደርስ ታቅዷል። በዚያን ጊዜ በታይታን ሰሜን ዋልታ እንደገና ክረምት ይሆናል።

መታሰቢያዎች

በጨረቃ፣ በማርስና በሜርኩሪ ላይ በስሙ የተሰየሙ ጉድጓዶች አሉ፤ 1776 ካይፐር የተባለ አስትሮይድም አለ። ናሳ በማጓጓዣ ጄት ላይ የሠራው የ91 ሳንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ በ1975 «የካይፐር በራሪ ከዋክብት መመልከቻ» ተብሎ ተሰይሞ እስከ 1995 አገልግሏል፤ የዩራኑስ ቀለበቶች በ1977 የተገኙት በእርሱ ነው። የአሜሪካ የሥነ ፈለክ ማኅበር የፕላኔት ሳይንስ ክፍል በየዓመቱ የሚሰጠው ከፍተኛ ሽልማትም የካይፐር ሽልማት ይባላል።